የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም

ሰው በዓመት አንዴ ብቅ ሲል «ምነው የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንላለን አይደል፣ ግን እኮ ወፏ የትም አልሄደችም! እዚሁ ጣና ዳር፣ ደንገሉና ቄጠማው ውስጥ ናት። ብዙዎቻችን በዚህ ስም የምንጠራቸው ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የሆኑት ወፎች ወንዶቹ ናቸው፣ የመራቢያ ጊዜያቸው ከዝናቡ ጋር ሲደርስ ላባቸውን ቀይረው ይደምቃሉ፣ በጋው ሲገፋ ያ ሁሉ ቀለም ይረግፍና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ሆነው ከድንቢጥ መለየት ያቅታል፣ እኛ ደግሞ ሄዱ እንላለን።

እንግዲህ ዝናብ ሲዘገይ እነሱም ቀለም ለመያዝ ይዘገያሉ ወይ ብትሉኝ መልሱ የሚገኘው በየዓመቱ ቀን እየጻፈ ከሚያስቀምጥ ሰው ነው። ተመራማሪ ብቻውን አይችለውም፣ ሐይቁ እኮ ሰፊ ነው! ለዚህ ነው ከጎረቤትና ከሰፈር ልጆች ጋር ቅዳሜ ጠዋት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ተነስተን ውሃውን ተከትለን እየሄድን ያየነውን ኢበርድ (eBird) በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ላይ የምንመዘግበው (ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፣ አፑ በነፃ ነው)።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፣ ብርቅ ወፍ ብቻ አትመዝግቡ። አባ ኮዳን ማን ይጽፈዋል፣ ሁሌ ዓሳ የሚበለትበት ቦታ ቆሞ እናየዋለን እኮ፣ ግን ሁሌ የሚታይ ነገር ቀስ እያለ ሲያንስ ማንም ልብ አይልም። አፑም ሲጨርስ «ለይታችሁ ያወቃችሁትን ሁሉ አስገብታችኋል?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፣ አዎ ካላችሁ ያልጻፋችሁት ወፍ ያን ጠዋት እንዳልታየ ይቆጠራል፣ አለመታየቱም ራሱ መረጃ ነው።

ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡት ክሬን የሚባሉት እግረ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ፣ ከመካከላቸው እግራቸው ላይ ባለቀለም ቀለበት የታሰረላቸው አሉ፣ ካያችሁ የቀለሞቹን ቅደም ተከተል ጻፉ፣ የት እንደታሰረላት ከዚያ ይታወቃል። ገበሬዎቹን መጠየቅም እንዳትረሱ፣ መቼ እንደገቡ ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ባይኖኩላር ባይኖርም ችግር የለም፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ወደ አፑ ስትገለብጡ ብቻ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሩት፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 ነው (ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት 12)፣ ሰዓቱንም እንደዛው፣ አለዚያ ጠዋት 1 ሰዓት ያያችኋት ወፍ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ታየች ተብላ ትገባለች።