ዴንማርክ እሳተ ገሞራ የላትም፤ አመዱ ግን አላት

«ድንጋይ ለማየት?» አለች እህቴ። «አንተ ልጅ፣ ድንጋይ እንደሆነ አገርህ ሞልቶልሃል!»

እታለም ኦርሁስ ከተማ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው። ፉር የምትባለውን ደሴት ግን በስም እንጂ በእግሯ አታውቃትም። አብረን እንሂድ ብላት ሥራ አለብኝ አለች። ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሸኘችኝ።

እስከ ስኪቨ በባቡር ነው። ስለ እሱ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ጣጣው ከስኪቨ በኋላ መጣ። ቀኑ እሑድ ነው። ሰሌዳው ላይ የአውቶቡሱ ሰዓት በደቂቃ ሳይቀር ተጽፏል፤ ችግሩ ሰዓቱ ገና ከቀትር በኋላ መሆኑ ነው። እኛ አገር ታክሲ እስኪሞላ ስንጠብቅ ቢያንስ ረዳቱን እያየን እንናደዳለን። እዚህ የሚናደዱበት ሰው እንኳ የለም። ነፋሱ ደግሞ ሰኔ መግባቱን የነገረው ያለ አይመስልም።

እንዲህ ተኮራምቼ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ አሮጌ መኪናቸውን አቁመው ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ፉር ስላቸው በሩን ከፈቱልኝ። መንገዳቸው ወደዚያው ነበር። ወጣት ሳሉ ሞለር ሲቆፍሩ እንደኖሩ አጫወቱኝ። ሞለር የሚሉት ያን ነጣ ያለ፣ ቀላል የባሕር አፈር ነው። ሙቀት የሚከላከል ጡብ ይሠራበታል፤ ድመት የምትጸዳዳበት አሸዋም ይሆናል። «የድመት ሽንት ነው ያሳደገን» ብለው ከት ብለው ሳቁ። የቤንዚን ልስጥ ብል አሻፈረኝ አሉ። ዳቦ ቆሎውን ስዘረጋላቸው ግን እምቢ አላሉም፤ ጥርሳቸውን እየፈሩ ቆረጣጠሙት።

ብራንደን ወደብ ላይ አወረዱኝ። ጀልባው ሊምፍዮርድ የሚባለውን የባሕር ሰርጥ የሚያቋርጠው በጥቂት ደቂቃ ነው፤ የት ልቀመጥ ስል ደረስን።

ማደሪያዬ ላይ ትንሽ ልማረር። የክፍሉን ዋጋ አስቀድሜ ከፍያለሁ። ቁልፍ ስቀበል ሴትየዋ «አንሶላስ?» አለችኝ። ለካ አንሶላ ለብቻው ነው፣ 75 ክሮነር! ፎጣም እንደዚያው። ብዙ ቦታ ልማዱ እንደሆነ እታለም ኋላ በስልክ ነገረችኝ። ልማድ ይሁን፣ እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። እንግዳ ተቀብሎ ባዶ ፍራሽ ማሳየት ምን ይሉታል? ሌሊቱም ሌሊት አልነበረም። ሰኔ ላይ ፀሐይዋ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላም አልጠለቀችም። መጋረጃው ስስ ነው። ጣሪያው ላይ የባሕር ወፎች ሲጨቃጨቁ አደሩ።

ስለዚህ ጠዋት ክኑደክሊንት ወደሚሉት የሰሜኑ ገደል ስወጣ ፊቴ አብጦ ነበር። ከዚያ ገደሉን አየሁት።

ነጭ ነው። ነጩ ላይ ጥቁር መስመር፣ ደግሞ ነጭ፣ ደግሞ ጥቁር። ጥለቱ ጥቁር የሆነ ጋቢ ገደል ላይ የተሰጣ ይመስላል። መስመሮቹ ግን ተኝተው አይደለም ያሉት። የተጠማዘዙ አሉ፣ ቀጥ ብለው የቆሙም አሉ። የበረዶ ዘመኑ ግግር ነው እየገፋ እንዲህ ያጣጠፋቸው።

ነጩ ሞለሩ ነው። ከ55 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ባሕር ነበር። በባሕሩ ውስጥ ዳያተም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች (አልጌዎች) ይኖሩ ነበር። ቅርፊታቸው እንደ መስታወት ከሲሊካ የተሠራ ነው። ሲሞቱ ቅርፊቱ ወደ ታች እየወረደ ከሸክላ ጋር ተከመረ፣ 60 ሜትር ያህል ሆነ። ጥቁሩ መስመር የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አንዱ መስመር አንድ ፍንዳታ ማለት ነው።

ፍንዳታው ግን እዚህ አይደለም። ያኔ ግሪንላንድና አውሮፓ እየተላቀቁ፣ የሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ እየተከፈተ ነበር። አመዱ ከዚያ ስንጥቅ ተነስቶ በነፋስ መጣ። ከሰሜን ባሕር ሥር ነዳጅ የሚቆፍሩ ሰዎችም ያውቁታል፤ መሰርሰሪያቸው የትኛው ዘመን ላይ እንደደረሰ በእሱ ይለያሉ።

ቦጊልድ የሚባል ዴንማርካዊ የምድር ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1918 እነዚህን መስመሮች ቆጥሮ ቁጥር ሰጣቸው። ከአንድ ቦታ ተነስቶ ወደ ላይ እስከ 140፣ ወደ ታች ደግሞ እስከ 39 ድረስ፤ የታችኞቹን የመቀነስ ምልክት አደረገባቸው። ዛሬም የሚጠሩት በዚያው ቁጥር ነው። ሰውየው ነፋሱን እንዴት እንደቻለው እንጃ።

ከግርጌ የወደቀ አንድ ጓል አነሳሁ። እጄ ላይ ሲያርፍ ባዶ ካርቶን ያነሳሁ መሰለኝ፣ ክብደት የለውም። መሐሉን ጣት የሚያህል ጥቁር መስመር ያቋርጠዋል። በጥፍሬ ስፍቀው የታችኛው ወገን እንደ አሸዋ ሻከረኝ። ወደ ላይ ስወጣ ላመ፣ ጫፉ ላይ ዱቄት ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አመዱ ውሃው ላይ ሲወድቅ ከባዱ ፍሬ ቀድሞ ሰጠመ፣ ደቃቁ ዘግይቶ ደረሰ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ወረፋቸው አልተዛባም! እዚያው ተቀምጬ ሌላ ጓል፣ ከዚያም ሌላ ጓል ፋቅሁ። ውሻ ይዛ የምታልፍ ሴት ቆማ አየችኝና ሳትናገር ሄደች።

ወረፋው ያልተዛባው የባሕሩ ወለል ጸጥ ያለ ስለነበር ነው። ታች ኦክስጅን እምብዛም ስላልነበረ ጭቃውን የሚቆፍር ትልና ቀንድ አውጣ አልኖረበትም። አመዱ በየብስ ላይ ቢወድቅ ኖሮ ዝናብ ጠርጎት ነበር።

ይህን ሳስብ ዓባይ በረሃ ትዝ አለኝ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው። ዝቅ ሲሉ ደግሞ የጥንት ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። እኛ ጋ እሳቱ የመጣው ባሕሩ ከሄደ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ተገናኝተው አያውቁም ብዬ ነበር የማስበው። ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከኢትዮጵያና ከየመን የተነሳ አመድ ሕንድ ውቅያኖስ ወለል ላይ ተገኝቷል። መርከብ ላይ ሆነው ወለሉን የሰረሰሩ ተመራማሪዎች ናቸው ያወጡት፣ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ። የኛ ደጋ አመድ ከዝናብና ከወንዝ ያመለጠ ማስረጃው ባሕር ሥር ተቀምጧል ማለት ነው። እታለም አገርህ ሞልቶልሃል ስትል ይህኛውን አታውቅም።

የደሴቲቱ ቤተ መዘክር ኔደርቢ መንደር ውስጥ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን የሚያየውን ያገኘ ሰው ሰዓቱን አያውቀውም። ከሞለሩ የወጡ ዓሦች ከነቅርፊታቸው አሉ። ወፍ አለ፣ የባሕር ኤሊ አለ፣ ክንፏ ያልተቀደደ ነፍሳት አለች። ጎብኚ መዶሻ ይዞ ድንጋይ የሚሰነጥቅበት ቦታም አለ። እኔ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ቀጥቅጬ ያገኘሁት አንድ የዓሣ ቅርፊት ነው። አጠገቤ የነበረ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ በመጀመሪያው ምት ሙሉ ዓሣ አወጣ። አባቱ ይቅርታ ለመጠየቅ በሚመስል ፊት አየኝ።

ሕጋቸው ደስ ይላል። ለሳይንስ ብርቅ የሆነ ቅሪተ አካል ካገኙ ንብረቱ የመንግሥት ነው፤ ላገኘው ግን ወሮታ ይከፈላል። የተለመደውን ይዘው መሄድ ይችላሉ። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ይሠራል። ሰው ያገኘውን ከመደበቅ ይልቅ ሮጦ ያሳያል።

ስቶለክሊንት የሚባለውን የባሕር ዳርቻ ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር። እዚያ ያለው ሸክላ ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት ምድር በድንገት የሞቀችበትን ጊዜ መዝግቧል። ጠዋት ግን ዝናቡ በወርድ ይመጣ ጀመር፣ በነፋስ እየተገፋ። የአንሶላዋ ሴትዮ ቡና ቀዳችልኝና ዛሬ አይቆምም አለችኝ። ለቡናው አላስከፈለችኝም። ጀልባው ሃያ አራት ሰዓት ስለሚሠራ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ወደ ወደቡ ወረድኩ። ማክሰኞ ስለነበር አውቶቡሱም በሰዓቱ መጣ።