በኅዳር 2014 ያልተከፈለ ብድር

ኮምቦልቻ ውስጥ የኮምፒውተር ተመራቂ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጥናት አማክራለሁ። ከያዝኳቸው ቡድኖች አንዱ የብድር ውሳኔ ለአልጎሪዝም (ከቆየ መረጃ ተነሥቶ ለሚወስን የኮምፒውተር ቀመር) ሲተው ማን እንደሚጎዳ ለመመርመር ተነሣ። ለርእሱ መነሻ የሆናቸው ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ነው፤ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ሶፍትዌሮች ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ ያልበለጠ ስሕተት ሲሠሩ፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ ይደርስ ነበር። ቡኦላምዊኒ ሥራውን የጀመረችው ተማሪ ሳለች መሆኑ ልጆቹን አደፋፍሯቸዋል።

አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም የደንበኞቹን ስም ከላዩ ሰርዞ የቆየ መዝገብ ሰጣቸው። ማን በወቅቱ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያዘገይ የሚተነብይ ሞዴል ሠሩ፤ የትንበያው ትክክለኛነትም ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ሆኖም አንዷ ተማሪ ውጤቱን በየከተማው ከፋፍላ ስታየው፣ የደሴና የኮምቦልቻ ነባር ተበዳሪዎች በገቢም በንግድ ዓይነትም ከሌላው ከተማ ሰው ሳይለዩ «አስጊ» ከተባሉት መካከል በብዛት መገኘታቸውን አስተዋለች። ክፍያ የዘገየባቸውን ወራት ስናወጣ አብዛኞቹ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ዙሪያ ተከማችተው አገኘናቸው።

ያ ወቅት ለወሎ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። በጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው ሲቆዩ ባንክም ስልክም ተቋርጦ፣ ብዙ ሕዝብም ተሰዶ ነበር። ለአልጎሪዝሙ ግን ኅዳር እንደማንኛውም ወር ነው።

ተማሪዋ በዚህ ሳትወሰን ደሴ ሰኞ ገበያ ሄዳ በዚያ ጊዜ ብድር የነበረባቸውን ነጋዴዎች አነጋገረች። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ቢሮው ተዘግቶ፣ ሠራተኛውም ተሰዶ ማን ይቀበለኝ? የወሩን ገንዘብ ቋጥሬ ነው የተሰደድኩት፤ በሩ በተከፈተ ማግስት ወስጄ ከፈልኩ» ብለው መለሱላት። በመዝገብ ላይ የእኚህ ሴት ክፍያና የእውነተኛ ባለ ዕዳ ክፍያ አንድ ዓይነት «የዘገየ» ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 እነ ተመራማሪው ዚያድ ኦበርማየር በአሜሪካ ሆስፒታሎች ያጋለጡትም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ሶፍትዌሩ የታካሚውን ሕመም የሚገምተው ለሕክምናው በወጣው ወጪ ስለነበር፣ አነስ ያለ ገንዘብ ይወጣላቸው የነበሩ ጥቁር ታካሚዎች የበለጠ ታመው ሳለ ጤነኛ መሰሉ፤ ይህ ቢታረም ተጨማሪ ክትትል ከሚያገኙት መካከል ድርሻቸው ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ከፍ ይል ነበር።

በማስተካከያው ላይ ተማሪዎቹ ብርቱ ክርክር ገጠሙ። የከተማውን ስም ከመረጃው እናውጣ ያለው ልጅ ሐሳቡ አልጸናለትም፤ የቅርንጫፉ ቁጥር ብቻ ከተማውን ያሳብቃል። ወራቱን መሰረዝም አይበቃም፤ መዘዙ እስከ ጥርና የካቲት ዘልቋልና። በመጨረሻ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የተዘጋበትንና የተከፈተበትን ቀን ከተቋሙ ጠይቀው መዘግየቱን በሩ ከተከፈተበት ቀን ጀምረው አሰሉት። ከዚያ ወዲህ ሞዴል ከመሠራቱ በፊት እያንዳንዱ የመረጃ ዓምድ በማን፣ መቼና ለምን ዓላማ እንደተሞላ የሚገልጽ ጽሑፍ ከሁሉም ቡድን እጠይቃለሁ።

በመመረቂያው ዕለት አንድ ፈታኝ ትክክለኛነቱ ከመጀመሪያው ለምን ዝቅ እንዳለ ጠየቁ። ተማሪዋም የመጀመሪያው ከፍ ያለው ሞዴሉ የሰውን ክፍያ ብቻ ሳይሆን የቢሮን መዘጋት ጭምር ይተነብይ ስለነበር መሆኑን በሠንጠረዥ አሳየች። ዕቃቸው ተዘርፎ ቢሮው ከተከፈተም በኋላ መክፈል ያቃታቸው ነጋዴዎች ጉዳይ ግን በቀን ማስተካከል የሚፈታ አልሆነም። እነዚህን ሞዴሉ ነጥብ ሳይሰጥ ለብድር ባለሙያ እንዲያስተላልፋቸው ወሰኑ፤ ባለሙያው በምን መስፈርት ይያቸው የሚለው የቀጣዩ ቡድን ጥናት ሆኗል።