አብሮሽ የተቀመጠው ማን ነበር?

የክፍላችንን የምረቃ መጽሔት ያዘጋጀሁት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። እኛ ቤት ላፕቶፕ ስላለ ነው። እሱም የወንድሜ ነው፤ ባትሪው ሞቶ ሶኬት ላይ ብቻ የሚሠራ። «ማን ያዘጋጅ?» ሲባል 42 ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። ዘንድሮ ድሬ ውስጥ ይሄው ሸክም የወደቀባት ልጅ ካለች፣ ቢያንስ የእኔን ስህተት እንዳትደግም ብዬ ነው የምጽፈው።

እኛ የ2014 ተመራቂዎች ነን። አሥረኛ ክፍል ሳለን፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ ኮሮና ገባና ትምህርት ቤት ለ15 ቀን ተዘጋ ተባለ። አልዋሽም፣ ጨፍረናል። 15 ቀኑ ወራት ሆነ። ስንመለስ ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሾቻችን ዛሬ፣ ግማሾቻችን ነገ እየመጣን፣ ሁላችንም ማስክ አድርገን። በድሬ ሙቀት ማስክ! አሥራ አንደኛ ክፍልን ሳስበው ትዝ የሚለኝ ዓይንና ግንባር ብቻ ነው። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ማስኳን አውርዳ ሳምቡሳ ስትበላ አየሁና «አዲስ ነሽ?» አልኳት። ሦስት ወር ሙሉ ከፊቴ ነበር የምትቀመጠው።

ስለዚህ ከመጽሔቱ የምንፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ማን ማን እንደነበርን የሚነግረን።

እንደ ሁሉም ሰው በላስት ወርድ ጀመርኩ። ፎቶና ሁለት መስመር ላኩ አልኳቸው። የመጣልኝን ልንገራችሁ፦ «ለሁሉም ነገር ፈጣሪ ይመስገን። ቤተሰቦቼን አመሰግናለሁ። እወዳችኋለሁ።» ሠላሳ ያህሉ ይሄንኑ ላኩ። ልዩነቱ አንዱ እግዚአብሔር ይመስገን ሲል፣ አንዱ አልሐምዱሊላህ ማለቱ ነው። አራቱ ደግሞ ከአንድ ሰው ነው የገለበጡት፤ የፊደል ግድፈቱ እንኳ አንድ ነበር።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። ግቢ ውስጥ ፍራሽ ላይ ጋደም ብዬ ሳስበው፣ ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የእኔ መሆኑ ገባኝ። «የመጨረሻ ቃልሽን ተናገሪ» ስትባል ማን ነው የሚቀልደው? ሰው ኑዛዜ የጠየቁት ነው የሚመስለው። በነጋታው ቴሌግራም ላይ ጥያቄውን ቀየርኩት፦ «ዘጠነኛ ክፍል፣ መጀመሪያ ቀን፣ አብሮሽ የተቀመጠው ማን ነበር? ምን ተባባላችሁ?»

ያን ቀን ስልኬ ጮኾ ጮኾ ጋለ። አንዷ እንዲህ አለች፦ «የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በእግሬ ተሻግሬ ስለመጣሁ ጫማዬ ውስጥ አሸዋ ገብቶ ነበር። ዴስክ ሥር ሳራግፍ አጠገቤ ያለችው ልጅ፣ ደቻቱን ትተሽልን መምጣት አቃተሽ? አለችኝ። እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ናት።» አንዱ ደግሞ፦ «ዴስኩ ለሦስት ሰው ነው፣ እኔ አራተኛ ነበርኩ። ሙሉ ሴሚስተር በግማሽ ቂጤ ነው የተማርኩት።» (ይህን ርዕሰ መምህሩ ሳያዩት አልፏል።) ሌላው በአማርኛ ጀምሮ፣ ኦሮምኛ ጨምሮ፣ በሶማሊኛ ጨረሰው። እንዳለ አስገባሁት። ሰውዬው እንደዛ ነው የሚያወራው።

ቴክኒኩን ቶሎ ልለፈው። ፎቶ በቴሌግራም ስትቀበሉ «ፋይል አድርጋችሁ ላኩ» በሉ፤ አለበለዚያ ይጨመቅና ሲታተም ፊቱ ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ጽሑፉን ለማተሚያ ቤት በፒዲኤፍ ስጡ። እኔ በወርድ ወስጄ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ቁጭ አለ፤ እንባዬ ነው የመጣው። ገንዘብ ቀድማችሁ ሰብስቡ። ለአንድ ቅጂ 280 ብር ነበር፤ «ነገ» የሚሉትን ሳሳድድ ከነምበር ዋን ሳቢያን፣ ከሳቢያን ገንደ ቆሬ ስዞር ለባጃጅ ያወጣሁትን አላሰላሁትም። ማተሚያ ቤት ደግሞ በጠዋት ሂዱ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱም በርጫውም ተጋግዞ ድሬ ውስጥ ሥራ የሚባል ነገር የለም። አቦ፣ ይሄን የማያውቅ የድሬ ልጅ አይደለም፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ በስምንት ሰዓት ሄጄ በሩን ታቅፌ ተመለስኩ።

ትልቁ ስህተቴ «የወደፊት ዕቅድ» የሚለው መስመር ነው። 19 ሐኪም፣ 11 ኢንጂነር፣ አንድ ፓይለት። መጽሔቱ የታደለው መስከረም ላይ ነው። ጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን አድረን ተፈተንን፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደዛ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ጥር ላይ ውጤት መጣ። በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ነው። ከመቶ ልጅ ሦስት! የእኛም ክፍል ከአገሩ አልተለየም። በኋላ ሪሜዲያል የሚባለው፣ 50 ላልደረሱት የተሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ መጣና የተወሰኑት በእሱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከዚያ በፊት ግን መጽሔቱን መክፈት ያቃታቸው ነበሩ። አንዷ ጓደኛዬ የራሷን ገጽ ከጎን ካለው ጋር በስቴፕለር አሽጋዋለች። ቤቷ ስሄድ አየሁት፤ አራት ሽቦ። ምንም አላልኳትም። ያንን መስመር የጠየቅኋት እኔ ነኝ።

ሌላም ያልታየኝ ነገር ነበር። የሰበሰብኩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስም ዝርዝርን ይዤ ነው። ዘጠነኛ ስንገባ ግን ከዚያ እንበዛ ነበር።

መጽሔቶቹን ከማተሚያ ቤት የተረከብኩ ቀን፣ ሁለት ካርቶን ይዤ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ ዞር ሲል አወቅሁት። ኮሮና ሲዘጋን «ለጊዜው» ብሎ ባጃጅ ጀምሮ በዚያው የቀረ የክፍላችን ልጅ ነው። ካርቶኑን አየና «እሱ ነው?» አለኝ። አንድ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ምን ልበል? ሞተሩን አጠፋና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ፎቶ ፎቶውን እያየ ገለጠ። የእሱ እንደሌለ እኔ አውቃለሁ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ገጽ 23 ላይ ቆመ። አብሮት ይቀመጥ የነበረው ልጅ ለጥያቄዬ የሰጠውን መልስ ነው የሚያነበው፦ «አብሮኝ የተቀመጠው አሁን ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ነው። መጀመሪያ ቀን ሒሳብ ከእኔ ገለበጠ።»

«ውሸታም!» አለ። «እሱ ነው ከእኔ የገለበጠው። እስክሪብቶ አለሽ?»

ሰጠሁት። መሪው ላይ አስደግፎ፣ «ከእኔ ገለበጠ» የሚለውን ሰርዞ «ከእሱ ገለበጥኩ» ብሎ ጻፈበትና ፈረመ። ያ ቅጂ አሁን እኔ ጋ ነው። ለእሱ ሌላ ሰጠሁት።