ሞክሳው ይሁን፣ የሚሳበው መድኃኒት ግን አይቅር

ጎረቤታችን እማማ ሰባውን አልፈዋል፣ አስምም አለባቸው። ቻይና፣ ጓንጉዡ ለንግድ የሚመላለሰው ልጃቸው ሰሞኑን ወፈር ያለ ሲጋራ የሚመስል የቅጠል ጥቅል ይዞላቸው ጎንደር መጣ። ሞክሳ ይባላል። ቻይናዎቹ ቅጠሉን አድርቀው ይወቅጡትና በወረቀት ይጠቀልሉታል፤ ከዚያ ጫፉን ለኩሰው፣ ቆዳ ሳያስነኩ፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገው ገላን ያሞቁበታል። ለአስም ሲሆን በብዛት የሚሞቀው ላይኛው ጀርባ ነው።

ሰፈሩ ወዲያው «እማማ ተተኮሱ» አለ። ኧረ አልተተኮሱም! የእኛው መተኮስ ቆዳ ያቆስላል፣ ይሄ ሙቀት ብቻ ነው (ጠባሳ የሚተው ዓይነትም አለ፣ እሱን ለማንም አዛውንት አልመክርም)። ቅጠሉም ቢሆን ያን ያህል ባዕድ አይደለም፣ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው።

ይሠራል ወይ? ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲደረግ ትንፋሽ ቀለል ያደርጋል የሚሉ የቻይና ጥናቶች አሉ። ብዙዎቹ ግን ትንንሽ ናቸው። ደግሞስ ጀርባው እየሞቀለት እንዳልሞቀ የሚያስብ ሰው የት ይገኛል? የተሻለው በቅጠሉ ይሁን በተስፋው መለየት ይከብዳል።

እኔን ያሳሰበኝ ጭሱ ነው። እማማ ቤት ከሰሉ አለ፣ ዕጣኑ አለ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ብርዱን ፈርተው በርና መስኮቱን ጥርቅም ያደርጉታል፣ እዚያ ላይ ሞክሳ ሲጨመር አስም ያለበት ሰው ምን ሊተነፍስ ነው? የስኳር ሕመም ነርቫቸውን የጎዳው አዛውንት ደግሞ ሙቀቱ ሲያቃጥላቸው ላይሰማቸው ይችላል።

«እማማ፣ የሚስቡት መድኃኒትስ?» አልኳቸው።

«እሱማ ልጄ፣ ከተውኩት ሰነበትኩ። ይሄ ይበቃኛል።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ለአስም ከሚሳቡት መድኃኒቶች ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ ቶሎ ይከፍታል። ቤክሎሜታዞን ግን የቧንቧውን ቁጣ ቀስ በቀስ የሚያበርድ ነው፤ ደህና ሲሆኑም በየቀኑ ይወሰዳል። ሲያቆሙት ያን ዕለት ምንም ላይሰማ ይችላል፣ ቁጣው እየዋለ እያደረ ነው የሚመለሰው። በመሃል ላለው ደህና ቀን ምስጋናውን ሞክሳው ይወስዳል።

ከልጃቸው ጋር ሆነን፣ መድኃኒቱን መሳብ እንዲቀላቸው፣ አንድ ባዶ ሃይላንድ ታቹን በመድኃኒቱ አፍ ልክ በሳነው። መድኃኒቱ በታች በኩል ይሰካል፣ እሳቸው የጠርሙሱን አፍ በከንፈራቸው ይይዛሉ፣ አንዴ ተጭነው ቀስ ብለው ይስባሉ፣ እስከ አሥር ሰከንድ ያህል ትንፋሽ ይይዛሉ። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ከቤክሎሜታዞን በኋላ አፍን መጉመጥመጥ አይረሳም፣ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊያወጣ ይችላል።

ሞክሳውን አልከለከልኳቸውም። ደጅ ወጥተው፣ ልጃቸው እየያዘላቸው ይሙቁ፣ ሲያፍናቸው ግን ይቅር።

ሐኪም ጋ ሲኬድ ደግሞ የሚወሰደው ሁሉ በፌስታል ተይዞ ይኬድ። በዚህ ዕድሜ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ልብም ሊሆን ይችላል። አስፕሪን አንዳንዱን ሰው አስሙን ይቀሰቅስበታል። የዓይን ጠብታውም አይረሳ፤ ለግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) የሚሰጠው ቲሞሎል በዓይን ገብቶ ሳንባ ድረስ ይደርሳል፣ ቧንቧውንም ሊያጠብ ይችላል።