ሰባት የትምህርት ዓይነት በአንድ መምህር፦ የመርጃ መሣሪያ ዕቅዴ የደረሰበት ደረጃ

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲጠናቀቅ እጅግ ያስደሰተኝ ነገር ቢኖር፣ ደወል ሊደወል ሲል መርጃ መሣሪያ ፍለጋ ከክፍል ክፍል መዞሬ መቅረቱ ነው። 2ኛ ክፍልን በሰልፍ ኮንቴይንድ፣ ማለትም አንድ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት በሚይዝበት አሠራር፣ ስለማስተምር አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት እንዲሁም ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ሁሉም በእኔ እጅ ናቸው። ዓመታዊ ዕቅድ ማውጣትና የመምህሩን መምሪያ ከተማሪው መጽሐፍ ጋር ማገናዘብ ሁላችንም የምናውቀው ሥራ በመሆኑ አልፈዋለሁ። እኔ የጨመርሁት፣ ሳምንታቱን ወደ ታች፣ የትምህርት ዓይነቶቹን ወደ ጎን አድርጌ የሚያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ መጻፍን ነው። እንዲህ ሲጻፍ አንዱ ዕቃ ለየትኞቹ ትምህርቶች እንደሚያገለግል ወዲያው ይታያል።

ብዙ ድካም የጠየቀኝ የሒሳቡ ዓምድ ነው፤ በተለይም ከአሥር ቤት ተበድሮ መቀነስ። ከ52 ላይ 27 ሲቀነስ 35 ብለው የሚጽፉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ከ7 ላይ 2ን፣ ከ5 ላይ ደግሞ 2ን ይቀንሳሉ፤ ቁጥሩ ከላይ ይሁን ከታች ሳይለዩ ትንሹን ከትልቁ መቀነስን እንደ ደንብ ይዘውታል። ለዚህ ችግር ቆርኪ አይረዳም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። ቆርኪ ለመቁጠር መልካም ነው፤ ነገር ግን አሥሩን በአንድ ላይ አስሮ እንደ አንድ ነገር ለማንሳት አይመችም። የባሕር ዛፍ ቀንበጥ ግን አሥሩ በላስቲክ ሲታሰር አንድ እስር ይሆናል። ልጁ 5 እስርና 2 ነጠላ እንጨት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ 7 ነጠላ ስጠኝ ሲባል ያሉት ሁለት ብቻ ስለሆኑ አንዱን እስር ለመፍታት ይገደዳል። አሁን 12 ነጠላ አለው፤ 7 ሰጥቶ 5 ይቀረዋል፤ ከቀሩት 4 እስሮች ሁለቱን ሲሰጥ 2 እስርና 5 ነጠላ፣ ማለትም 25 እጁ ላይ ይቀራል። በሰሌዳ ላይ 5ን ሰርዞ 4 ማድረግን የማሳየው ላስቲኩን በገዛ እጃቸው ከፈቱ በኋላ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥን ፈጽሞ አልመክርም።

እንጨቶቹን እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲ ሜትር አድርጎ መቁረጥ ጊዜ ቢወስድም ብዙ በር ይከፍታል። የአንድ እስር እንጨቶች ጫፍ ለጫፍ ሲደረደሩ 1 ሜትር ስለሚሆኑ ርዝመትን ለመለካት፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜም የዝላይን ርቀት ለማነጻጸር ያገለግላሉ። በአካባቢ ሳይንስ የተዘራውን ባቄላ ዕድገትም የምንለካው በእነዚሁ ነው። ባቄላው እስኪበቅል ቀናት ስለሚፈጅ፣ በዕቅዱ ወረቀት ላይ የሚዘራበትን ቀን ከትምህርቱ ቀን ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሜ እጽፋለሁ። ጊዜ የሚጠይቅ ዕቃ ሁሉ በዚህ መልክ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ካልተያዘ ትምህርቱ በሥዕል ብቻ ያልፋል፤ ይህ ደግሞ ለልጆቹ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከወላጆች የምጠይቀው ከቤት የሚጣለውን ካርቶን፣ ጠርሙስና ቁርጥራጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ገንዘብ የሚያስወጣ ዕቃ አምጡ ማለት፣ ማምጣት ያልቻለውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ያሳቅቃል፤ ስለዚህ በፍጹም አላደርገውም።

እስካሁን ያልተሳካልኝ የክወና ጥበባት ዓምድ ነው። ለእይታ ጥበቡ ሸክላ አፈርና ካርቶን በቂ ናቸው፤ ለሙዚቃው ግን ያለኝ ከሰፈር የምዋሰው አንድ ከበሮ ብቻ ሲሆን፣ ከሃምሳ በላይ ልጆች በተራ ይምቱት ቢባል 40 ደቂቃው ሳይዳረስ ያልቃል። በዚህ በኩል የተሻለ አሠራር ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቼ የምትጠቀሙባቸውን ዕቃዎችና የቡድን አከፋፈላችሁን ብትጽፉልኝ፣ የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ወረቀት ከመሙላቴ በፊት እጠቀምበታለሁ።