የሶፍትዌር ፕሮጀክት አመራር፦ ስሕተቱ የሚታወቀው መቼ ነው?

የሶፍትዌር ሥራን ደረጃ በደረጃ በሚሄደው በተለመደው መንገድ መምራት ይሻላል ወይስ በአጭር በአጭር ዙር እየሠሩና እያረሙ በሚሄዱበት፣ አጃይል በሚባለው ተለዋዋጭ አሠራር የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ በስብሰባና በሰነድ ብዛት ላይ ይቀራል። ለእኔ ዋናው ጥያቄ የተሠራው ነገር ከተጠቃሚው ፍላጎት ጋር አለመግጠሙ የሚታወቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው ወይስ ገና ማረም በሚቻልበት ጊዜ የሚለው ነው።

ይህን ሴንቲነልን ያህል አጉልቶ የሚያሳይ ፕሮጀክት አላውቅም። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ለማላቀቅ የጀመረውን ሥራ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካወጣበት በኋላ በ2005 እ.ኤ.አ. አቋረጠው። በዓመቱ ምትኩን ሴንቲነልን በአራት ምዕራፍ ከፍሎ ለአንድ ትልቅ ተቋራጭ ሰጠ። በ2010 ግን ከ451 ሚሊዮን ዶላሩ በጀት 405 ሚሊዮን ያህሉ ወጥቶ የተጠናቀቁት ሁለት ምዕራፎች ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ቢሮው ሥራውን ወደ ራሱ መልሶ፣ አነስተኛ ቡድን አዋቅሮ፣ የቀረውን በሁለት ሁለት ሳምንት ዙር ማከናወን ጀመረ፤ በየዙሩ መጨረሻም የተሠራው ክፍል በተግባር ይታይ ነበር። ሥርዓቱ በ2012 አጋማሽ አገልግሎት ላይ ዋለ። በአዲሱ አሠራርም ቢሆን የጊዜ ሰሌዳው ተንሸራቷል፤ ሆኖም መዘግየቱ ተደብቆ አልከረመም።

የተለመደውን ዘዴ ማናናቅ ግን ተገቢ አይደለም። አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ዊንስተን ሮይስ በ1970 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ዛሬ ዋተርፎል (ፏፏቴ) የምንለውን የዚህን የተለመደ ዘዴ ቅደም ተከተል በሥዕል ካሳየ በኋላ፣ ሙከራን እስከ መጨረሻው ማቆየት አደገኛ መሆኑን ራሱ አስጠንቅቋል፤ ተከታዮቹ ሥዕሉን ወስደው ማስጠንቀቂያውን መተዋቸው ያሳዝነኛል። የልብ ምት መቆጣጠሪያን ወይም የአውሮፕላን በረራን በሚመራ ሶፍትዌር ላይ አስቀድሞ ተጽፎ የጸደቀ ዝርዝርና ጥብቅ ማረጋገጫ የግድ ነው።

ለሌላው አብዛኛው ሥራ፣ በተለይም ለመሥሪያ ቤቶች የመረጃ ሥርዓት፣ ተለዋዋጩን እመርጣለሁ። እንቅፋቱ ውሉ ነው። ዋጋውም፣ ዝርዝሩም፣ የማስረከቢያው ቀንም አንድ ላይ ተቆርጠው በተፈረሙበት ሁኔታ ቡድኑ በየሁለት ሳምንቱ ቢሰበሰብም የሚለውጠው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ውሉ ክፍያውን በተግባር ከታየ ሥራ ጋር ማያያዝ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል የመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰውም ከደንበኛው ወገን በስም መመደብ አለበት።