የሌዘሩ መነጽርና የብላስተሩ ጭንብል

ዱከም መንገድ ላይ ያለው የቀድሞ ወርክሾፓችን የሌዘር ማጽጃ ማሽን የገዛ ሰሞን የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን ያናድደኛል። ማሽኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጥሩ ማሽን ነው፤ የተገዛበት ምክንያትና መንገድ ነው ያንገበገበኝ።

ያኔ የያዝነው የነዳጅ ታንክ ነበር፣ ውስጡ ኢፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ቀለም የሚቀባ። የሥራ ዝርዝሩ ግልጽ ነው፦ ንጽሕናው ኤስ ኤ 2½ (ዝገትም ቅርፊትም ከሞላ ጎደል የማይቀርበት ደረጃ)፣ ሸካራነቱ ከ50 እስከ 75 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ)። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በአሸዋ ነበር የምንነፋው፤ በአየር ግፊት አሸዋ ብረቱ ላይ እየረጨን ማለት ነው፣ ብላስት የምንለው። እኔ ጥራት ቁጥጥር ላይ ስለነበርኩ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብረቱን አይቶ መፈረም የእኔ ሥራ ነው።

ሻጩ ማሳያ ሊያደርግ ሲመጣ ሁሉም ሥራውን ትቶ ከበበው። ጨረሩ የዛገ ላሜራ ላይ ሲያልፍ ዝገቱ እየበነነ ሄደና ብርማ ብረት ወጣ። አቧራ የለም፣ የሚጠረግ አሸዋ የለም። ሥራ አስኪያጃችን ላሜራውን በጣቱ ዳሰሰና «በቃ፣ ከእንግዲህ አሸዋ ቀረ!» አለ።

ታንኩ ግን የሚሠራው ከዛገ ላሜራ አይደለም። አዲስ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የለበሰው ጥቁር ቅርፊት አለበት። በማግስቱ ከዚያው ላሜራ ቆርጬ በሌዘር አስጸዳሁ። ቅርፊቱ እየዘገየም ቢሆን ለቀቀ። ከሥሩ የወጣው ብረት ግን ለስላሳ ነው። የብረቱን ሸካራነት ቅርጽ የሚወስደውን የመለኪያ ቴፕ ለጥፌ፣ አሽቼ፣ ውፍረቱን ለክቼ የቴፑን ፕላስቲክ 50 ማይክሮን ስቀንስ የቀረው ቴፑ በትክክል ሊለካው ከሚችለው በታች ሆነ።

ሥራ አስኪያጁን ጠራሁት። «ንጹሕ አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ንጹሕ ነው። ቀለሙ የሚነክስበት ቦታ ግን የለውም።» ኮንክሪት ላይ ልስን የሚለስን ሰው መጀመሪያ በመሮ ይወጋጋዋል፤ እኛም ብረቱን የምንነፋው ለማጽዳት ብቻ አይደለም። ሌዘራችን ያለውን ሸካራነት ይገልጠዋል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ቀድሞ በብላስት የተነፋ፣ ቀለሙ ያረጀ ብረት ቢሆን ኖሮ የድሮውን ጥርስ መልሶ ስለሚያወጣው ክርክርም አይኖረንም ነበር።

አላመነኝም። ስለዚህ አንዱን በሌዘር፣ አንዱን በብላስት አዘጋጅቼ ሁለቱን ላሜራዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ፕራይመር (የመጀመሪያው የቀለም ንብርብር) ቀባኋቸው። ከደረቁ በኋላ ዶሊ የምንላትን ትንሽ የመጎተቻ ብረት ቀለሙ ላይ አጣብቄ እሱ ባለበት ጎተትኩ። የብላስቱ ላይ የለቀቀው ማጣበቂያው ነው፤ ቀለሙ ከብረቱ ንቅንቅ አላለም። የሌዘሩ ግን ቀለሙን ይዞ ከሥሩ ወጣና ብረቱ ባዶውን ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። «እሺ፣ ወደ አሸዋው እንመለሳለን» ብሎ ወጣ።

ብላስተራችን ይህን ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል። ሥራ ላይ አፍና አፍንጫውን በእርጥብ ፎጣ ይጠቀልላል፣ ሳሉ ከሩቅ ያስታውቃል። የሌዘሩን መነጽር ከሳጥኑ አንስቶ አገላበጠው።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ለብቻው ታዞ ነው ወይስ ከማሽኑ ጋር የመጣ?»

«ከማሽኑ ጋር ነው ጋሼ። ያለሱ መሥራት አይቻልም። ጨረሩ በዓይን አይታይም፣ ካረፈበት ግን ያሳውራል።»

«ጭስ መሳቢያውስ?»

«እሱም አብሮ ነው። የሚበነው ነገር ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።»

መነጽሩን ወደ ቦታው መለሰ። «የእኔ ጭንብልስ ከምን ጋር ነው የሚመጣው?»

መልስ አልነበረኝም። አየር የሚገባለት የብላስት ኮፍያ ይገዛ ብዬ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል፤ መልሱ ሁልጊዜ «በጀት የለም» ነው። የኮፍያውን ብዙ እጥፍ ለሚያወጣው ማሽን ግን በጀት ተገኘ፣ መነጽሩንና መሳቢያውንም ማንም «ይቅር» አላለም። ከአሸዋ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ የሚገድለው በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው፤ ፎጣ አያስቀረውም። ብናኙ የሚያመጣው ሲሊኮሲስ የሚባል በሽታ አንዴ ሳንባ ላይ ከተቀመጠ መድኃኒት የለውም። እንግሊዝ በፋብሪካ የሚሠሩ ቀልጦ የተቀረጹ ብረቶች በአሸዋ እንዳይነፉ በሕግ የከለከለችው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ቱርክ ደግሞ ጂንስ በአሸዋ የሚነፉ ወጣቶች ሳንባቸው እያለቀ ሲሞቱባት በ2009 እ.ኤ.አ. አገደች። እኛ ገና ስለ ፎጣ እናወራለን።

የዚያኑ ቀን ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አሳወቅሁ፦ ታንኩ ውስጥ ያለ ኮፍያ ሰው ገብቶ ከነፋ የቀለም ፈቃዱን አልፈርምም። «በአንተ ክፍል የማይገባ ጉዳይ ነው» አለኝ። በእኔ ክፍል የሚገባው ፊርማው ነው፣ እሱን ያዝኩ። የአሠሪው አማካሪ መሐንዲስ ያለ ፊርማዬ ስለማይቀበል ሥራው ቆመ። በመጨረሻ ኮፍያውና የመተንፈሻ አየር ማጣሪያው ተገዛ፣ ለታንኩ ውስጥ ደግሞ በአሸዋ ፋንታ የሚነፋ ጋርኔት የሚባል የማዕድን ጠጠር መጣ። ውድ ነው፤ ግን ተነፍቶ፣ ተወንፍቶ እንደገና ይሠራል፣ ነፃ ሲሊካውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሌዘሩም ሥራ አላጣም። የመጨረሻው ቀለም ሊቀባ ሲል የዛገች ነጥብ ከተገኘች፣ ወይም ከብየዳ በፊት የሚጸዳ ጠርዝ ካለ፣ ዙሪያውን ሳይነካ ያነሳታል። ለዚህ የሚወዳደረው የለም።

የታንኩን ውጪ ግን አሁንም በአሸዋ ነው የሚነፉት። ብላስተሩ ኮፍያ አለው። አጠገቡ ቆሞ የማሽኑን አሸዋ መያዣ (ፖቱን) የሚሞላው ረዳት ያው በጨርቁ ነው። ከዚያ ከመልቀቄ በፊት የመጨረሻው ማመልከቻዬ ለዚህ ልጅ ነበር፣ ግዢ ክፍል እንደተቀመጠ ትቼው ወጣሁ። በእኔ ቦታ የገባው ልጅ ይህን ካነበበ፣ ኮፒው ፋይሉ ውስጥ አለልህ፤ ፊርማውም አሁን ያንተ ነው።